ጥይት ታንኳ አይደለም

በጋምቤላ የባሮን ወንዝ በታንኳ የሚሻገር ሰው የታንኳውን አፍንጫ ቀጥ አድርጎ ወደ ማዶ ቢያቀና፣ ፊት ለፊት ካየው ዛፍ ሥር አይደርስም፤ ውኃው ቁልቁል ይወስደዋል። ስሌቱ ቀላል ነው። ወንዙ በሴኮንድ 1 ሜትር ቢፈስስና መሻገሩ 100 ሴኮንድ ቢፈጅ፣ ታንኳው 100 ሜትር ቁልቁል ወርዶ ማዶ ይደርሳል።

ይህ ምሳሌ በፊዚክስ ትምህርታችን የታወቀ ነው። ችግሩ የሚመጣው ስሌቱን ሳንመረምር ወደ ሌላ ነገር ስናሻግረው ነው። በዒላማ ተኩስ የጎን ነፋስ ጥይትን ከመስመሩ ምን ያህል ያወጣዋል ተብለን ብንጠየቅ፣ ብዙዎቻችን የነፋሱን ፍጥነት በጥይቱ የበረራ ጊዜ አባዝተን እንመልሳለን። መልሱ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም ጥቂት አይደለም።

በኦሊምፒክ ውድድር የሚታወቀውን የ50 ሜትር የጠመንጃ ተኩስ እንውሰድ። ጥይቱ ከአፈሙዝ በሴኮንድ 330 ሜትር ያህል ፍጥነት ቢወጣ፣ ዒላማው ዘንድ በ0.157 ሴኮንድ ገደማ ይደርሳል። በሴኮንድ 4 ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ ቢኖር፣ የታንኳው ስሌት ጥይቱ 63 ሴንቲሜትር ወደ ጎን ይሄዳል ይለናል። የዒላማው ትልቁ ቀለበት ግን ከዳር እስከ ዳር 15.5 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ስሌቱ ትክክል ቢሆን ኖሮ፣ ነፋስ ባለበት ቀን ቀጥ አድርጎ የሚያነጣጥር ተኳሽ ሁሉ ዒላማውን ጨርሶ ባላገኘው ነበር። በተግባር ጥይቱ ወደ ጎን የሚሄደው 2 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህም ቢሆን አሥር ነጥብን ወደ ስምንት ለማውረድ ይበቃል።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ከነፋሱ ጋር በምትጓዝ ላባ ላይ እንደተቀመጥን እናስብ። ከዚያ ሆነን ስናየው አየሩ ረግቷል፤ ጥይቱ ግን ገና ከአፈሙዝ ሲወጣ፣ ከፊት ፍጥነቱ በተጨማሪ ወደ ነፋሱ መምጫ በሴኮንድ 4 ሜትር ይጓዛል። የአየር ሰበቃ ሁለቱንም ፍጥነቶች በእኩል ምጣኔ ይቀንሳል። ጥይቱ ዒላማው ዘንድ እስኪደርስ ከፊት ፍጥነቱ ሰባት በመቶ ያህል ቢያጣ፣ ከጎን ፍጥነቱም የሚያጣው ያንኑ ሰባት በመቶ ነው። ታንኳው ግን ከውኃው ጋር ፈጥኖ ይስማማል፤ ስለዚህም ሙሉ በሙሉ ይወሰዳል።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዲዲዮን የተባለው ፈረንሳዊ የመድፍ መኮንን ይህንን በአጭር ሕግ አስቀምጦታል። አየር ባይኖር ኖሮ ጥይቱ 50 ሜትሩን በ0.1515 ሴኮንድ በጨረሰ ነበር። የዘገየው 0.0055 ሴኮንድ ነው፤ የነፋሱ ፍጥነት የሚባዛውም በዚህ መዘግየት ብቻ ነው። ከዚህ የሚከተለው ያስገርማል። በሴኮንድ 380 ሜትር የሚወጣ የዚሁ ዓይነት ጥይት ፈጣን ቢሆንም በነፋስ ይበልጥ ይወሰዳል፤ በድምፅ ፍጥነት አካባቢ የአየር ሰበቃ እጅግ ስለሚያይል መዘግየቱ ይጨምራልና።

ቦታም የራሱ ድርሻ አለው። ከባሕር ወለል 500 ሜትር ያህል ከፍ በምትለው ጋምቤላ፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በደረሰበት ቀን እንኳ የአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደት 1.06 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ በ20 ዲግሪ ሙቀት 0.91 ገደማ ይሆናል። በመሆኑም አንዱ ጥይት በአንድ ዓይነት ነፋስ በጋምቤላ ከአዲስ አበባው በስድስት አንድ እጅ ያህል ይበልጥ ወደ ጎን ይሄዳል።

አንዳንድ አንባብያን በጋምቤላ ስለ ጥይት ማውራት ተገቢ ነውን ሊሉ ይችላሉ። ጥያቄው ክብደት አለው። በሚያዝያ ወር 2008 ዓ.ም. ድንበር ተሻግረው በመጡ ታጣቂዎች ከ200 በላይ ሰዎች የተገደሉበት ክልል ነው፤ በዚያ ያደገ ተማሪ የተኩስን ድምፅ ከስፖርት ጋር ላያያይዘው ይችላል። እኛም ጠመንጃ ወደ ክፍል ይግባ አንልም። የምንለው ሕጉ ከጠመንጃው ይለያል ነው። ነፋሻ በሆነ ቀን በሜዳ ላይ አንድ የፕላስቲክ ኳስና በመጠን የሚመሳሰለው ድንጋይ፣ ሰው በሌለበት አቅጣጫ፣ ነፋሱን አቋርጠው በእኩል ፍጥነት ይወርወሩ። ኳሱ ፍጥነቱን ቶሎ ስለሚያጣ ይበልጥ ይወሰዳል። ሜትርና ትዕግሥት ይበቃል።

መምህራን ከባሮ ታንኳ ቢጀምሩ መልካም ነው፤ ተማሪው የሚያውቀው ነውና። ነገር ግን እዚያው አይቁሙ። ምሳሌው የሚሰበርበትን ቦታ ተማሪው ራሱ ለክቶ ሲያገኘው ያን ጊዜ ፊዚክስ ተማረ እንላለን። ቀመሩን የሸመደደ ፈተናውን ያልፍ ይሆናል፤ ቀመሩ የት እንደማይሠራ የለየ ግን ሳይንስን ጀምሯል።