የወታደሩ የመማር መብትና የጊዜ ጥያቄ

እንደሚታወቀው፣ ሠርቶ አደር የሆነ ሁሉ ትምህርት ሲሻ ሁለት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ እነርሱም ገንዘብና ጊዜ ናቸው። ስለ ገንዘቡ ብዙ ይነገራል፤ ስለ ጊዜው ግን እምብዛም አይነሣም። የሁለቱን ግንኙነት ለመረዳት በዩናይትድ ስቴትስ ጦር ውስጥ እያገለገለ ሁለተኛ ዲግሪውን የሚማረውን ወታደር ሁኔታ መመርመር ይጠቅማል። በዚያ ሠራዊት ኢትዮጵያውያን ተወላጆችም ስለሚያገለግሉ ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1944 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የፈረሙት ሕግ ከጦርነት ለተመለሰው ወታደር የኮሌጅን በር ከፈተ። በ1947 ወደ ኮሌጅ ከገቡት ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ ተመላሽ ወታደሮች ነበሩ። ይሁን እንጂ አፈጻጸሙ በአመዛኙ ለየአካባቢው ባለሥልጣናት በመተዉና ብዙ ኮሌጆች በቀለም መድልዎ በመዘጋታቸው ጥቁሩ ወታደር የሕጉ እኩል ተጠቃሚ አልሆነም። ከዚህ የምንማረው በወረቀት የሰፈረ መብትና በእጅ የገባ መብት አንድ አለመሆናቸውን ነው። ገና በአገልግሎት ላይ ላለው ወታደር ደግሞ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በ1949 ሰባት መምህራንን ወደ ጀርመን ልኮ በጦር ሰፈር ማስተማር ጀመረ።

የዛሬው አሠራር ምን ይመስላል? የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ ለአንድ የክሬዲት ሰዓት እስከ 250 ዶላር፣ በበጀት ዓመት እስከ 4,500 ዶላር ይከፍላል። ይህም በዓመት 18 ክሬዲት ማለት ነው። ስለሆነም 30 ክሬዲት የሚጠይቅ ሁለተኛ ዲግሪ በዚህ ክፍያ ብቻ በአንድ የበጀት ዓመት አይጠናቀቅም። ክፍያው ከ250 ዶላር የበለጠ እንደሆነ ትርፉን ወታደሩ ከኪሱ ይሞላል። በድኅረ ምረቃ ትምህርት ከ«ቢ» በታች ያገኘ የተከፈለለትን ይመልሳል። መኮንን ከሆነም ሁለት ዓመት ተጨማሪ የማገልገል ግዴታ ይገባል። እንግዲህ ይህ ስጦታ ሳይሆን ውል ነው።

ሁለተኛው መንገድ በ2009 በሥራ ላይ የዋለው ሕግ የሚሰጠው የ36 ወር የትምህርት መብት ነው። ነገር ግን በአገልግሎት ላይ እያለ የሚጠቀምበት ወታደር የቤት አበል አያገኝበትም። ስድስት ዓመት ያገለገለና አራት ዓመት ለመጨመር የተስማማ ለልጆቹ ሊያስተላልፈው ይችላል፤ ራሱ የተማረበት ወር ግን ለልጁ አይተርፍም። በመሆኑም አባት ወይም እናት የሆነ ወታደር በራሱ ዲግሪና በልጁ ዲግሪ መካከል እንዲመርጥ ይገደዳል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የጊዜው ጥያቄ ነው። ወታደሩ የሚያነበው ከልምምድና ከዘብ በተረፈችው ሰዓት ነው። በሴሚስተሩ አጋማሽ የግዳጅ ትእዛዝ ቢደርሰው የክፍያ ዕዳው ሊነሣለት ይችላል፤ ያጣውን ሴሚስተር ግን የሚመልስለት የለም። «የወታደር ተቀዳሚ ተግባሩ ግዳጁ ነው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ እኛም አንክድም። ነገር ግን በሰላሙ ወቅት ሰዓቱ በደንብ ካልተጠበቀለት፣ የመማር ዕድሉ በቅርብ አለቃው ደግነት ላይ የተንጠለጠለ ሆኖ ይቀራል። ደግ አለቃ የገጠመው ይመረቃል፤ ያልገጠመው ያቋርጣል። በዕድል የሚገኝ ነገር ደግሞ መብት ሊባል አይችልም።

ይህ የወታደሩ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ቀን በፋብሪካ ውሎ ማታ ደብተሩን የሚይዘው ወዛደር የፈረቃው ተራ በፈተናው ዋዜማ ሲለወጥበት የሚደርስበት ችግር ያው ነው። ስለዚህ ሠራተኛውን አስተምራለሁ የሚል ድርጅት ሁሉ ክፍያውን ብቻ ሳይሆን የትምህርቱንና የፈተናውን ሰዓት ጭምር በጽሑፍ ማረጋገጥ ይኖርበታል። የሠራተኛ ማኅበራት ይህን በኅብረት ስምምነታቸው ሊያሰፍሩት፣ የሰፈር ማኅበራትም ለማታ ተማሪው መብራት ያለው ጸጥተኛ ክፍል ሊያዘጋጁለት ይገባል። ሰዓት ያልተመደበለት የትምህርት ዕድል ቁልፍ እንደሌለው ቤት ነው፤ በሩን እያዩ ከውጭ ማደርን ያስከትላል እንላለን።