የአእምሮ ሕመምን ተቋቁሞ ያገገመ ወጣት ሙያው ይታወቅለት

ሕመም ሁሉ አካልን ያደክማል፤ የአእምሮ ሕመም ግን ከዚህም አልፎ ሰውን ከሰው ይለያል። ወባ የጣለውን ጎረቤት እንጀራና ወተት ይዘን የምንጠይቅ ሰዎች፣ ልጃቸው ለብቻው ማውራት የጀመረበትን ቤት ደጃፍ ዝም ብለን እናልፋለን። ቤተሰቡም በበኩሉ የሰው ዐይንና ምላስ ፈርቶ ልጁን ይደብቃል። ተደብቆ የቆየ ሕመም ደግሞ ሥር ይሰድዳል።

ጉዳዩ ከማንም በላይ ወጣቱን የሚመለከትበት ምክንያት አለ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ከአእምሮ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ የሚጀምሩት እስከ 14 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ነው። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 29 ዓመት በሆኑት ዘንድም ራስን ማጥፋት በዓለም ደረጃ ከዋና ዋናዎቹ የሞት ምክንያቶች አንዱ ነው። ይህ ዕድሜ ትምህርት የሚጠናቀቅበት፣ ሙያ የሚያዝበትና ጎጆ የሚታሰብበት ጊዜ መሆኑን ስናስብ፣ የሚባክነው ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት አያዳግትም።

እንክብል የሚረብሸውን ድምፅ ሊያበርድ ይችላል፤ ወጣቱን ወደ ክፍል ጓደኞቹ ወይም ወደ ሥራ ቦታው እጁን ይዞ ሊመልሰው ግን አይችልም። ከሆስፒታል የወጣ ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ወደ ሰው ተራ እመለሳለሁን?» ብሎ ነው። ሐኪሙ «አዎን» ሊለው ይችላል። ያንኑ መንገድ ሄዶ የተመለሰ እኩያው ግን መልሱን በቃል ሳይሆን በራሱ ሕይወት ይሰጠዋል። አቻ ደጋፊ የምንለው ይህንኑ ሰው ነው።

አሳቡ አንዳንዶች እንደሚመስላቸው የትናንት ፈሊጥ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1793 ዓ.ም. ሐኪሙ ፊሊፕ ፒኔል በፓሪስ አጠገብ ወደሚገኘው የቢሴትር ሆስፒታል በተሾመ ጊዜ፣ የአእምሮ ሕሙማኑን ክፍል ያስተዳድር የነበረው ዣን ባቲስት ፑሳን የተባለ ሰው ነበር። ፑሳን የሕክምና ትምህርት አልነበረውም፤ ራሱ ቀደም ሲል በዚያው ሆስፒታል በአንገት እጢ ሕመም የታከመ ሰው ነው። አስታማሚዎቹን በተቻለው መጠን ካገገሙት ሕሙማን መካከል ይመለምል ነበር፤ እነዚህ ሰዎች በሕሙማኑ ላይ እጃቸውን እንደማያነሡና ርኅሩኆች እንደሆኑ ስላስተዋለ ነው። በ1797 ዓ.ም. በቢሴትር ሰንሰለቱን ከሕሙማኑ ላይ ያስወገደውም እርሱ ሆኖ ሳለ፣ ዝናውን ለረጅም ዘመን የወሰደው ሐኪሙ ነው። ታሪክ የባለ ዲፕሎማውን ስም ማስቀደም ይወዳል!

ሥራው ምን እንደሆነ በግልጽ ማስቀመጥ ተገቢ ነው። አቻ ደጋፊው ወጣቱን ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ያጅበዋል፤ ተራ እስኪደርስ አብሮት ይቀመጣል። መድኃኒቱ እጅ ሲያንቀጠቅጥ፣ ሰውነት ሲያወፍር ወይም እንቅልፍ ሲያበዛ ወጣቱ ክኒኑን በድብቅ እንዳይጥል ይልቁንም ለሐኪሙ እንዲናገር ያደፋፍረዋል። «ልጄ ሰነፈብኝ» ለሚል አባት ስንፍናና ሕመም የተለያዩ መሆናቸውን ያስረዳል። ጠበል የምትወስድ እናት ሲያጋጥመውም በእምነቷ ላይ አይዘብትም፤ ልጇ ጠበሉንም ሳይተው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲወስድ ይመክራል። ከሁሉም በላይ ያዳምጣል፤ ነገር ግን ወጣቱ ሁሉ የእርሱን ታሪክ መድገም እንዳለበት አድርጎ አያይም።

ሊያደርገው የማይገባውም አለ። በሽታ አይመረምርም፤ መድኃኒት አያዝም፣ አያስቋርጥምም። የሰማውን ለመንደር ወሬ አያውለውም። ይሁንና ወጣቱ ሕይወቱን ለማጥፋት ማሰቡን ከነገረው ምስጢሩን ለብቻው ተሸክሞ ሊያድር አይገባም፤ ወዲያውኑ ለባለሙያ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ይህንንም ገና ከመጀመሪያው ቀን ለወጣቱ መንገር ይኖርበታል።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባው የደመወዝ ጥያቄ ነው። ያገገመን ወጣት ለነርስ የሚከፈለውን ገንዘብ ለመቆጠብ በምስጋናና በቲሸርት ብቻ የሚያሠሩ ወገኖች በየአገሩ አሉ። ይህ ድጋፍ ሳይሆን ብዝበዛ ነው። በሰሜን አሜሪካ የጆርጂያ ክፍለ ግዛት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. የአቻ ደጋፊዎች አገልግሎት ለችግረኞች ከተቋቋመው የመንግሥት የሕክምና መድን እንዲከፈልበት አድርጋለች፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት ሌሎቹም ክፍለ ግዛቶች በዚሁ መንገድ እንዲሄዱ መመሪያ ሰጥቷል። መመሪያው ሥልጠናን፣ ተቆጣጣሪ ባለሙያንና ከሌላው ሕክምና ጋር መቀናጀትን ያስገድዳል። ያለ ተቆጣጣሪ የተሠማራ ደጋፊ የሌላው ሕመም የራሱን ቁስል ሲቀሰቅስበት የሚያማክረው አያገኝም።

አቻ ድጋፍ ሁሉን ይፈውሳል ማለትም ከእውነት የራቀ ይሆናል። ጥናቶች የሚያሳዩት ጥቅም ጎልቶ የሚታየው በተስፋ፣ በራስ መተማመንና ከሰው ጋር በመቀራረብ ረገድ ነው፤ የሕመሙን ምልክቶች በመቀነስ ረገድ ውጤቱ የተደባለቀ ነው። ስለዚህ የሐኪሙ ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም።

በአገራችን ይህ መንገድ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የኤች አይ ቪ ሥርጭት በተስፋፋበትና ስሙ እንኳ በሹክሹክታ በሚነሣበት ዘመን፣ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወገኖች በመቅድም ኢትዮጵያና በተስፋ ጎሕ ተሰባስበው በአደባባይ ቆመዋል፤ እርስ በርስም ተደጋግፈዋል። አያሌ እድሮችም ሟችን ከመቅበር አልፈው በሕይወት ያለውን ሕመምተኛ ወደ መርዳት ተሸጋግረው ነበር። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ የስኪዞፍሬኒያ ሕመም ባለባቸው 166 ሰዎች ላይ የተካሄደውና ውጤቱ በ2014 ዓ.ም. የታተመው ጥናትም፣ ከአካባቢው የተመለመሉና የሕክምና ባለሙያ ያልሆኑ ሠራተኞች በየቤቱ እየሄዱ የሰጡት ድጋፍ ከጤና ጣቢያው ሕክምና ጋር ሲጣመር ሕሙማኑ ዕለታዊ ኑሯቸውን ለመምራት የነበረባቸውን ችግር እንዳቃለለ አረጋግጧል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆረቆረውና ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ የኖረው አማኑኤል የመላውን አገር ሸክም ብቻውን ሊሸከም እንደማይችል ለማንም ግልጽ ነው።

በመሆኑም እድሮችና የነዋሪዎች ማኅበራት ያገገሙ ወጣቶች በሳምንት አንድ ቀን የሚገናኙበት ክፍል ሊሰጡ፣ ከቅርብ ጤና ጣቢያ ጋር ሊያገናኟቸው፣ «እብድ» የሚለውን ቃልም ከስብሰባቸው ሊያስወጡ ይችላሉ። ለሠራተኞች ማኅበራት ደግሞ የሚበልጥ ሥራ አለ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ እስከ 6 ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ መብት አለው፤ ከዚህም የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ ደመወዝ ናቸው። የአእምሮ ሕመምም ሕመም ነው፤ ነገር ግን ብዙ ወጣት ሠራተኞች መብቱን ከመጠየቅ ይልቅ አፍረው ሥራቸውን ይለቃሉ። ማኅበሩ ይህን አስቀድሞ ለአባላቱ ሊያስታውቅ፣ ከፈቃድ የተመለሰው ወጣትም እስኪጸና ድረስ እንቅልፍ የሚነሣው የሌሊት ፈረቃ እንዳይመደብበት ከአሠሪው ጋር ሊነጋገር ይገባል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ስብሰባና አንድ ቃለ ጉባኤ ነው።