ሥራው ሩቅ፥ ሠራተኛው ቅርብ

አባት እንጀራ ፍለጋ ከቤቱ ሲርቅ በልጆቹ ላይ የሚደርሰው ጉዳት የታወቀ ነው። ዛሬ ግን ሥራው ሩቅ ሳለ ሠራተኛው ከቤቱ የሚያድርበትን ብልሃት እናስታውቃለን።

በአውስትራልያ፥ ፒልባራ በሚባለው በረሃማ አገር፥ ብዙ የብረት ማዕድን ይወጣል። ሠራተኞቹ በአውሮፕላን እየተመላለሱ ሳምንታት ሙሉ በሠፈር ይቀመጣሉ፤ ልጆቻቸውም ናፍቆታቸውን የሚወጡት በስልክ ነው። ነገር ግን ሪዮ ቲንቶ የተባለው ኩባንያ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2010 ዓመት በፐርዝ ከተማ የሥራ መቈጣጠሪያ ቤት ከፈተ። በዚያ የተቀመጡት ሠራተኞች 1,500 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለውን ሥራ በመስኮተ ብርሃን እያዩ ይመሩታል። በ2018 ዓመትም ነጂ ያልተሳፈረበት የምድር ባቡር 28,000 ቶን ማዕድን ጭኖ፥ 280 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ከወደብ ደረሰ።

እንግዲህ ሥራውን ፈጽሞ ከልጆቹ ጋራ ማዕድ የሚቀርብ አባት ዕድለኛ ነው። ዳሩ ግን መኪና የነጂውን ሙያ ቢወስድበት፥ የእርሱ ቤት በምን ይተዳደራል? ስለዚህ አዲሱ መኪና ሳይገባ አስቀድሞ ሠራተኛውን አዲስ ሙያ ማስተማር ለአሠሪው የተገባ ነው እንላለን።

ደግሞም መኪናውን የሚጠግኑት ሰዎች ዛሬም በዚያው በበረሃው ሐሩር ናቸው። በመስኮተ ብርሃን ድንጋዩ ይታያል እንጂ ድካማቸው አይታይም። ስለዚህ ከሩቅ የሚያዝ ሁሉ፥ የማዕድን አለቃም ቢሆን የአገር ሹም፥ የሚያዝበትን ምድር አልፎ አልፎ በእግሩ ሊረግጠው ይገባዋል።