ድንጋዩ ሲሄድ ጉድጓዱ ለማን ይቀራል?

የተከበራችሁ የደብረ ታቦር፣ የወረታ፣ የአዲስ ዘመን፣ የንፋስ መውጫና የመካነ ኢየሱስ ከተሞች መራጮች፤

በምርጫ ሰሞን ስለ ድንጋይና ስለ አሸዋ የሚያነሳ ፓርቲ ብዙም አልሰማችሁ ይሆናል። ነገር ግን ቤት የሠራ፣ አጥር ያጠረ፣ ኮብልስቶን የተነጠፈበት ሰፈር የሚኖር ሁሉ ጉዳዩን ያውቀዋል። አንድ ገልባጭ መኪና አሸዋ፣ አንድ መኪና ጥቁር ድንጋይ ወይም ገረጋንቲ ከአንድ ቦታ ተቆፍሮ የመጣ ነው። ያ ቦታ የአንድ ገበሬ ማሳ፣ የአንድ ቀበሌ የግጦሽ መሬት ወይም የርብና የጉማራ ወንዞች ዳርቻ ነው። ፓርቲያችን ከተማ አይሠራ፣ ድንጋይ አይቆፈር አይልም። የምንለው ቁፋሮው በሕግ ይመራ ነው። ሕጉ ደግሞ አለ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጓል። በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብትን፣ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት ኑሮው ለተነካ ሰውም ካሳ የማግኘት መብትን ደንግጓል። በ1995 ዓ.ም. የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ወጣ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ደግሞ ለአገር ውስጥ ባለሀብት የኮንስትራክሽን ማዕድናት ፈቃድ የመስጠትን ሥልጣን ለክልሎች ሰጠ። ባለፈቃዱም የጎዳውን መሬት መልሶ ለማዳን ገንዘብ እንዲመድብ፣ በአካባቢው ሕዝብ ልማት እንዲሳተፍ አዘዘ።

በወረቀት ላይ ያለው ይህ ነው። ችግሩ ሥልጣኑ ከክልል ወደ ዞንና ወረዳ ሲወርድ ግዴታው አብሮ አለመውረዱ ነው። ማስረጃውን ፍለጋ ቢሮ መግባት አያስፈልግም፤ ከከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ ማየት ይበቃል። ድንጋዩ ወጥቶ ሲያበቃ ማሽኑ ይሄዳል፣ ጉድጓዱ ይቀራል። በክረምት ውኃ ይሞላል። አጥር የለውም፤ ከብት የሚጠብቁ ልጆችም በዚያው ይውላሉ። ይህን የሚያነብ የከተማ ሰው፣ የእኔ ልጅ እዚያ አይደርስም ይል ይሆናል። ከተማው ግን ወደዚያ እየሰፋ ነው፤ የዛሬው የካባ ቦታ የነገ የመኖሪያ ሰፈር ነው።

እዚህ ላይ በሕጉ ውስጥ ያለውን አንድ ክፍተት መሸሸግ አንፈልግም። አዋጁ በባህላዊ መንገድ የሚያመርቱትን የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት ከማቅረብ ነፃ አድርጓቸዋል። አሳቡ ተገቢ ነበር፤ ዲጅኖና መዶሻ ይዞ የሚሠራ ወጣት ባለሙያ ቀጥሮ ጥናት ያስጠና ማለት ሥራህን ተው ማለት ነው። ነገር ግን ሠላሳ ማኅበር አንድ ኮረብታ ላይ ጎን ለጎን ሲቆፍር ኮረብታው የሚጎዳው አንድ ትልቅ ኩባንያ እንደቆፈረው ሁሉ ነው። ስለዚህ ጥናቱን ማሠራት ያለበት ቦታውን የሚሰጠው አካል እንጂ ወጣቱ አይደለም። ወረዳው ወይም የከተማው አስተዳደር ለመላው የካባ ቦታ አንድ ጥናት ያሠራ፣ ከዚያ ያከፋፍል። ይህን ለማድረግ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ መመሪያ ማስተካከል ይበቃል።

የአሸዋው ነገር ከድንጋዩ የባሰ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተነስተው በፎገራ ሜዳ አልፈው ጣና ይገባሉ። አሸዋ መውጣቱ ወንዙን ስለሚያጠልቅ ጎርፍ ይቀንሳል የሚሉ አሉ። ይህ ክርክር በአየር ላይ የተንጠለጠለ አይደለም፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የፎገራንና የሊቦ ከምከምን ገበሬ ከቤቱ ያፈናቀለውን ጎርፍ ያየ ሰው ቢለው አይፈረድበትም። ደለል በሞላበት በታችኛው ሜዳ፣ በልክ ከሆነ እውነትነት አለው። ነገር ግን ጫኞች አሸዋ የሚፈልጉት መኪና በሚገባበት፣ ለመንገድና ለድልድይ በቀረበው ቦታ ነው። እዚያ ሲቆፈር የወንዙ ወለል ይወርዳል፣ ዳርቻው እየተናደ ማሳ ይበላል፣ የድልድይ መሠረት ይራቆታል፣ በአቅራቢያው ያለ የጉድጓድ ውኃም ይሸሻል። በዚህ ላይ የርብ ግድብ ከተሠራ ወዲህ ከላይ ይወርድ የነበረው አሸዋ ግድቡ ውስጥ ይቀራል። ትናንት ክረምት በመጣ ቁጥር የሚተካው አሸዋ ዛሬ እንደ ድሮው አይተካም። ደንቡ ግን አሁንም እንደሚተካ አድርጎ ያስባል።

ድንጋይስ አያልቅም ይባላል። እውነት ነው፤ ደጋችን ጥንት ከእሳተ ገሞራ በፈሰሰ ድንጋይ የተሠራ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ለማድረስ ድንጋይ እያስፈነቀሉ መንገድ ሲያስጠርጉ፣ እሳቸውም በእጃቸው ሲሠሩ ነበር፤ ድንጋዩ ያኔም አላለቀም። የሚያልቀው በላዩ ያለው አፈር ነው። ገብስና ድንች የሚያበቅለው ያ ስስ አፈር ከድንጋዩ ጋር ተዛቆ ገደል ከተጣለ በእኛም በልጆቻችንም ዕድሜ አይመለስም።

በመሆኑም ፓርቲያችን ከተመረጠ በየወረዳውና በየከተማው ምክር ቤት የሚያቀርበው የመመሪያ ማሻሻያ የላይኛውን አፈር ለይቶ ማስቀመጥን ግዴታ ያደርጋል። በማሽን የሚያመርት ሁሉ የመሙያ ገንዘብ አስቀድሞ በዝግ ሂሳብ ያስይዛል፤ ሳይሞላ ከሄደ ገንዘቡ ለመሙያው ይውላል። ከድልድይና ከጎርፍ መከላከያ ካብ በምን ያህል ርቀት አሸዋ እንደማይነሳ በሜትር ይጻፋል። ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ካርታው በቀበሌው ይለጠፋል፣ ነዋሪው ይጠየቃል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 97 ክልሎች ከማዕድን ሥራ ግብርና ሮያሊቲ እንዲሰበስቡ ፈቅዷል። ከዚህ ገቢ የተወሰነው ድንጋዩ ወደ ወጣበት ቀበሌ እንዲመለስ፣ ምን ያህል ሜትር ኩብ እንደተጫነና ምን ያህል ብር እንደገባ በየሦስት ወሩ በአደባባይ እንዲለጠፍ በክልሉ ምክር ቤት እንታገላለን። ደረሰኝ የሌለው ክፍያ በኬላ ላይ እንዳይጠየቅም እንዲሁ።

ይህ ሁሉ የአንድ መኪና ድንጋይን ዋጋ አይጨምርም ብለን አንዋሻችሁም። ጥቂት ይጨምራል። ዛሬ ርካሽ የመሰለን ቀሪውን ሂሳብ ገበሬው በማሳው ስለሚከፍልልን ነው። በኬላና በደላላ የሚባክነው ከተቀነሰ ግን ጭማሪው በአብዛኛው ይካካሳል ብለን እናምናለን። ሰላም በሌለበት ተቆጣጣሪ ወደ ካባ ቦታ እንደማይወጣም እናውቃለን፤ ስለ ሰላም ያለንን አቋም በዚህ ጽሑፍ ሌላ ክፍል አስፍረናል።

በመጀመሪያው ዓመት የምንሠራው ቆጠራ ነው፤ በየወረዳው ተቆፍረው የተተዉ ጉድጓዶች ስንት ናቸው፣ የማን ናቸው፣ በማን ፊርማ ተሰጡ? ዕጩዎች፣ የእኛንም ጨምሮ፣ ድምፃችሁን ሊጠይቁ ወደ ደጃችሁ ሲመጡ ይህን ቆጠራ መቼ እንደሚያቀርቡላችሁ ቀኑን ጠይቋቸው።