ሲስተርን መንግሥት አሰናብቷቸዋል፤ ሰፈሩ ግን አላሰናበታቸውም

ከምሽቱ አራት ሰዓት በሩ ይንኳኳል። "ሲስተር፣ ይቅርታ... እማዬ ትንፋሿ ልክ አልመጣልንም።" ሲስተር ነጠላቸውን ደርበው፣ የግፊት መለኪያቸውን በፌስታል ይዘው ይወጣሉ። ስማቸው አይነሳ፤ ሰፈሩም ከ"ሲስተር" ሌላ አይጠራቸውም። ጡረታ ከወጡ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሲጨርሱ "እግዜር ይስጥልን" ይባላሉ፣ ቡና ይፈላላቸዋል፣ አበቃ። በአዲስ አበባ የድሮ ሰፈሮች እንዲህ ያሉ እናት የሌሉበት ጥቂት ነው።

ይህ ሲነገር ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። "ኢትዮጵያዊነት ማለት ይህ ነው" ይባላል። የሚያስደስተው ምኑ ነው? ስድሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ሌላ ማንም ያልያዘውን ሥራ በነጻ እየሠሩ ነው።

ሥራው ምን እንደሆነ ይታይ። አንድ አባት ስትሮክ መቷቸው ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ይላል። ሆስፒታሉ አልጋውን ይፈልገዋልና ትንሽ ሲሻላቸው ይሸኛቸዋል። ቤተሰቡ ይዞት የሚወጣው ወረቀት ብዙ ጊዜ የመድኃኒት ስምና የቀጠሮ ቀን ነው። በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ እንደሚያስፈልግ የነገረው የለም። ሲያበሉ ቀና አድርጎ መደገፍ እንደሚገባ፣ ትን ብሎ ወደ ሳንባ የገባ ጉርሻ ሊገድል እንደሚችል፣ የሽንት ከረጢቱ ከአልጋው ዝቅ ብሎ መንጠልጠል እንዳለበት የነገረው የለም። ሲስተር የሚጠሩት ወገባቸው ሥር ያለው ቁስል መሽተት ከጀመረ በኋላ ነው። ልጅቷ እያለቀሰች "እንዳያማቸው ብዬ ነው ያልነካኋቸው" ትላለች። እውነቷን ነው።

አሳዛኙ ነገር፣ ይህችው ልጅ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ካርቶን አንጥፋ ስንት ሌሊት አድራለች። ምግብ አመላልሳለች፣ መድኃኒት ፍለጋ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞራለች። እዚያው አጠገባቸው ነበረች። ግማሽ ሰዓት ቢያሳዩዋት ትማር ነበር።

ግፊትም እንዲሁ ነው። አምሎዲፒን የታዘዘለት ሰው ራስ ምታቱ ሲለቀው ኪኒኑንም ይለቀዋል፤ "ድኛለሁ" ብሎ። ግፊት ግን ሳያምም ውስጥ ውስጡን የሚሠራ በሽታ ነው። ሲስተር ይህን ለአንድ ቤት አሥር ጊዜ ተናግረዋል። በአሥራ አንደኛው ለቅሶ ደርሰዋል።

"እኛ እንደ ፈረንጅ ወላጆቻችንን አንጥልም" የሚል አይጠፋም። የማይጥለው ማን ነው? ይጠራ እስቲ! ወንዱ ልጅ ገንዘብ ይልካል፣ ይደውላል፣ በዓል ሲሆን በግ ይዞ ይመጣል። የምታገላብጠው ሥራዋን የለቀቀችው ሴት ልጅ ናት። እሷ ከሌለች ምራት። ምራትም ካልቻለች በደላላ ከገጠር የመጣች ልጅ እግር ሠራተኛ። "ባህላችን" የሚባለው እንግዲህ የእነዚህ ሴቶች ወገብ ነው።

ያው ሥራ ባሕር ሲሻገር ሙያ ይሆናል። በዋሽንግተን አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን በነርሲንግ ሆምና በሆም ኬር ተቀጥረው ይሠራሉ። ክፍያው ባያወላዳም ሥልጠና አለው፣ ሰርተፍኬት አለው፣ በሰዓት ይታሰባል። ቤይሩት ያለችው በከፋላ ታስራ ስለምትሠራ የእሷ ነገር ሌላ ነው፤ ግን እሷም የሰው አገር አሮጊት ታነሳለች፣ ታጥባለች። ከዚያ ከሁለቱም አገር የተላከው ገንዘብ አዲስ አበባ ላይ የገዛ እናታቸውን የምታገላብጥ ሠራተኛ ይቀጠርበታል። ያቺን ሠራተኛ ያሠለጠናት የለም። ደመወዟን የሚቆርጥላትም ደላላው ነው።

ሲስተር እንዳይማረሩ በየዓመቱ ግንቦት 4፣ በዓለም የነርሶች ቀን፣ "ነጭ የለበሱ መላእክት" ይባላሉ። መልአክ የቤት ኪራይ የለበትም፤ ቃሉ የተመረጠው ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም። በዚያው ወር፣ በግንቦት 2017፣ የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን ይስተካከል ብለው ሥራ ሲያቆሙ በርካቶች ታሰሩ። መላእክቱ ለካ እንጀራ ይበላሉ!

ጡረታው ደግሞ አለ። ጡረታ የሚታሰበው በመደበኛ ደመወዝ ነው፤ ዲዩቲ አይገባበትም። ሲስተር ልጆቻቸውን ለጎረቤት ትተው ስንቱን ሌሊት፣ ስንቱን ፋሲካና ገና በሰው አልጋ ዳር አንግተዋል። በጡረታቸው ስሌት ውስጥ ከዚያ ሁሉ አንድም ሌሊት አልተቆጠረም።

"በጀት የለም" ይባላል። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመርም አገሪቱ ሀብታም አልነበረችም። ሆኖም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶችን አሠልጥና፣ ደመወዝ ከፍላ ቤት ለቤት ላከች፤ በኋላም በከተማ ነርሶችን ለዚሁ ሥራ ቀጠረች። ያኔ ጭንቀቱ ክትባት፣ ወሊድና መጸዳጃ ቤት ነበር። ዛሬ ከተማው ውስጥ ግፊት፣ ስኳርና ስትሮክ ያላንኳኳው ቤት የለም፤ አልጋ ላይ የዋለውን ሰው በቋሚነት ሄዶ የሚያይ ግን እምብዛም የለም። ጤና ጣቢያዎች በየሰፈሩ ጡረታ የወጡ ነርሶችን በሳምንት ለጥቂት ቀናት በኮንትራት ይቅጠሩ። ሆስፒታሎችም አስታማሚውን በእጁ ሳያስሞክሩ የተኛ በሽተኛ አይሸኙ። ይህን ማድረግ ውድ ነው የሚል ባለሥልጣን ካለ፣ ቁስሉ አመርቅዞ ያው በሽተኛ ሲመለስ አልጋው፣ መድኃኒቱና ቀዶ ሕክምናው በማን ሂሳብ እንደሚያዝ ይንገረን።

ሲስተርን ራሳቸውን ቢጠይቋቸው ደመወዝ አያነሱም። የሚሉት ጓንት ነው። አሁን የሚጠቀሙበትን ከጡረታቸው ነው የሚገዙት፤ ወሩ ሲጋመስ ያልቅባቸዋል።