ከፍርድ በፊት ምርመራ

ከወልድያ ወደ መርሳ በሚወስደው መንገድ ላይ መኪና ቢገለበጥ ወሬው ሐራ ገበያ የሚደርሰው ፍርዱን ይዞ ነው። አንዱ «ሾፌሩ ሰክሮ ነው» ይላል፤ ሌላው «ቀናቸው ደርሶ ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። አውሮፕላን ሲወድቅም እንዲሁ ነፋሱ ወይም አብራሪው ወዲያውኑ ጥፋተኛ ይባላል። በእኔ አስተያየት እንዲህ ያለው ችኩል ፍርድ ሌላ አደጋ ይጋብዛል፤ ምክንያቱ ያልታወቀ አደጋ ተመልሶ ይመጣልና።

ታኅሣሥ 22 ቀን 2010 ዓ.ም. በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ አቅራቢያ፣ ውሃ ላይ የምታርፍ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ወድቃ የተሳፈሩባት 6 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። ኮረብታ በከበበው ውሃ ላይ ድንገተኛ ነፋስ ትንሽ አውሮፕላንን ሊጥል ስለሚችል፣ «ነፋስ ጣላት» ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። መርማሪዎቹ ግን ሦስት ዓመት ያህል ደከሙ። በመጨረሻም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዘኛ ጋዝ በአብራሪው ደም ውስጥ አገኙ። ጋዙ ከተሰነጠቀ የጭስ ማውጫ ወጥቶ፣ ብሎኖች በጎደሉበት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ሳይገባ እንዳልቀረ አስረዱ። የጎደሉት ብሎኖች 3 ብቻ ነበሩ!

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ ከ6 ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ምርመራው ሳይጠናቀቅ በውጭ አገር አንዳንዶች በአብራሪዎቹ ላይ ጣታቸውን ቀሰሩ። ይሁን እንጂ ከ5 ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ በኢንዶኔዥያ ተመሳሳይ አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። በሁለቱም አደጋዎች አንድ መሣሪያ የተሳሳተ መረጃ በመስጠቱ፣ ኤምካስ የተባለው ሥርዓት የአውሮፕላኑን አፍንጫ በተደጋጋሚ ወደ ታች ደፍቶታል። የኢትዮጵያ መርማሪዎች የመጨረሻውን ዘገባ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሲያወጡ፣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች የአብራሪዎቹ ሥራ በበቂ አልተመረመረም ሲሉ ተከራከሩ። ክርክሩ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ማስረጃ የሚጠራው በማስረጃ ሲፈተን ነውና።

«ምርመራ ሙታንን አያስነሣም፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚሉ አይጠፉም። እርግጥ ነው፣ ሙታንን አያስነሣም፤ ሕያዋንን ግን ይጠብቃል። ከቢሾፍቱው አደጋ በኋላ ማክስ አውሮፕላኖች በዓለም ዙሪያ ከበረራ ታግደው፣ ወደ አገልግሎት መመለስ የጀመሩት 20 ወራት ያህል ቆይተው፣ ሥርዓቱ ከተስተካከለ በኋላ ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ደንብም የአደጋ ምርመራ ዓላማ ተመሳሳይ አደጋን መከላከል እንጂ ጥፋተኛን መፈለግ እንዳልሆነ ይደነግጋል። ጥፋተኛን መቅጣት የፍርድ ቤት ተግባር ነው።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ በሰው ሕይወት ላይ ግን የፈሰሰው አይለቀምም። ስለዚህ አደጋ በሰማን ጊዜ «ማን አጠፋ?» ከማለታችን በፊት «ምን ሆነ? ለምን ሆነ? እንዳይደገም ምን ይደረግ?» ብለን እንጠይቅ።