የታማሚዋ ገበታ

የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚታዩት የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው ነው። ከካፋዋ ቢታ ገነት ተነስታ ለኬሞቴራፒ ጅማ ወይም አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የምትመላለስ ሴት፣ አቅሟን የሚመልስላትን ምግብ አብዛኛውን ከጓሮዋ ታገኘዋለች፤ እንሰት፣ ጎደሬ፣ ጎመን፣ ባቄላ። ችግሩ ከእንሰት የሚሠራውን ቆጮ ብቻውን መብላት ነው። ቆጮ ኃይል ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ እጅግ አነስተኛ ነው፤ በሕክምና የተጎዳ ሰውነት የሚጠገነው ደግሞ በፕሮቲን ነው። ስለዚህ ከሽሮ ወይም ከባቄላ ወጥ፣ ከተቀቀለ እንቁላልና ከጎመን ጋር ይቅረብ።

ኬሞቴራፒ አፍ ሲያቆስልና ሲያቅለሸልሽ፣ በርበሬና ትኩስ ቡና ያቃጥላሉ። ያን ጊዜ በፈላ ወተት ተገንፍቶ ለብ ያለ የቡላ ገንፎ፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ቢቀመስ ይወርዳል። መድኃኒቱ የነጭ የደም ሴሎችን ቁጥር ስለሚቀንስ ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ፈጽሞ ይቅሩ፤ ጠያቂ በፍቅር ያመጣው ክትፎም በደንብ ይብሰል።

ከሕክምናው በኋላ ክብደት እንዳይጨምር ስኳርና ቅባት መቀነስ፣ በእግር መሄድም ይጠቅማል። አልኮል ለጡት ካንሰር እንደሚያጋልጥ የተረጋገጠ ስለሆነ ጠጅና አረቄ ቢቀሩ ይመረጣል። የካፋ ማር ምግብ ነው፤ መድኃኒት ግን አይተካም። ሥራሥር የምትወስድም ለሐኪሟ ሳትደብቅ ትንገር።

ጾምን በተመለከተ፣ የንስሐ አባቶች በሕክምና ላይ ያለችውን እናት «ብዪ» ይበሏት።